የእናትየው ስም ማን ነው?

እህቴ እሙ በዕድሜዋ የዋሸችው አንድ ውሸት ብቻ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ውሸቱ «ኢሊሊን የወለድኳት እኔ ነኝ» የሚል ነው። አሥራ ሦስት ዓመት አብሮን ኖሯል፤ ከመልመዳችን የተነሳ እኔ ራሴ አንዳንዴ እውነት ይመስለኛል።

ኢሊሊን የወለደቻት ጉዲቱ ናት። ጉዲቱ ከሆለታ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች፣ ድሮ በምንኖርበት ግቢ ውስጥ ጓዳ የምታህል ክፍል የተከራየች ሳቂታ ልጅ ነበረች። ስትወልድ ያረሰቻት እሙ ናት፤ ሕፃኗን ክርስትና ያነሳቻትም እሙ ናት። ልጅቷ ድክ ድክ ማለት ሳትጀምር ጉዲቱ ድንገት ሞተች። ሰፈሩ ምች ነው አለ፣ ሌላው ቡዳ ነው አለ፣ ከሣልስቱ በኋላ ሁሉም ተወው። ዘመድ ብናፈላልግ የሚመጣ ጠፋ። እሙ ደግሞ ልጅ ሳትወልድ ከባሏ የተለያየች ሴት ናት፤ ሕፃኗን አቅፋ በዚያው ቀረች። ከዚያ ግቢ ለቀን ወደ 18 ማዞሪያ ስንመጣ አዲሶቹ ጎረቤቶች እናትና ልጅ ናቸው ብለው ተቀበሏቸው፤ እሙም አላረመቻቸውም።

ኢሊሊ ይህን አታውቅም። እሙ በዓለም ላይ የምትፈራው ነገር ቢኖር ልጅቷ አንድ ቀን አውቃ በእንግዳ ዓይን እንዳታያት ነው። መብረቅ አትፈራም፣ ሌባ አትፈራም፣ ባሏንም አትፈራም ነበር።

እኔ መሲ እባላለሁ። ማዞሪያው ላይ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ፊት ለፊት ፀጉር ቤት አለኝ። ጥያቄ ካልጠየቅኩ የሚያመኝ ሰው ነኝ። እናታችን፣ ነፍሷን ይማርና፣ አንቺ ፖሊስ መሆን ነበረብሽ ትለኝ ነበር። ፀጉር ቤትም ከፖሊስ ጣቢያ አይተናነስም፤ የሰው ራስ ባኞ ላይ አጋድሜ ሳጥብ ያልጠየቅኩት ሁሉ ይነገረኛል።

ባለፈው ጥቅምት ኢሊሊ ትምህርት ቤት በስፖርት ክፍለ ጊዜ ራሷን ሳተች። ከመቅጽበት ነቅታ ምንም አልሆንኩም አለች። ኅዳር ላይ ደገማት። እሙ ሥራዋን ጥላ ቤቴል ወዳለ አንድ ክሊኒክ ወሰደቻት፤ እኔም ተከተልኩ። ዶክተር ኤባ የሚባል ረጋ ያለ ወጣት ተቀበለን። ደሟን አስመረመረ፣ ዓይኗን አየ፣ ቁርስ ትበያለሽ ወይ አላት። ከዚያ ወደ እሙ ዞሮ በእናት ወገን እንዲህ ራሱን የሚስት ወይም በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው አለ ወይ ሲል ጠየቀ። እሙ እናታችን ሰማንያ ዓመት አልፏት እንደሞተች፣ አያታችንም ከዚያ በላይ እንደኖረች በኩራት ነገረችው። እውነቷን ነው፤ የእኛ ቤት ሴት ቶሎ አትሞትም። ዶክተሩ ለጊዜው የሚያሳስብ ነገር አላየሁም፣ ውሃ ትጠጣ፣ ከደገማት ግን ተመለሱ ብሎ ሸኘን።

በታኅሣሥ ደገማት። እሙ ግን ወደ ዶክተሩ አልተመለሰችም፤ ምንም አላገኘም ብላ ተስፋ ቆርጣ ነበር። ሰፈሩ ደግሞ ምክር ሞልቶታል። እኔ በዚህ መሃል ነገሩ እየከነከነኝ መጣ። ልጅቷ ታሳዝነኛለች፣ እጨነቃለሁ፤ ግን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላም ነገር ነበር። ሁሉም አድንልሻለሁ የሚላት ከሰው ዓይን በተሰወረ ኃይል ነው። ታዲያ ለምንድን ነው አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ የሚጠይቀው?

ለምሳሌ ዮዲ። ዮዲ ደንበኛዬ ናት፣ ጴንጤ ናት፣ እኛን ለማዳን ተስፋ ቆርጣ አታውቅም። ራሷ ላይ ያስገባሁትን ሮለር እንኳ ሳታወልቅ ተነስታ እጇን ኢሊሊ ግንባር ላይ ጭና ጮክ ብላ ጸለየች። ስሟን እንኳን አልጠየቀችም፤ ጌታ ያውቃታል አለች። ኢሊሊ ደስ አላት፤ ሙቀት ተሰማኝ ብላ ነገረችኝ። የካስኩ ሙቀት ይሁን የጸሎቱ አላጣራሁም።

ቀጥሎ ጠበል ሄድን። የነፍስ አባታችን ቀሲስ ኃይለ መስቀል የክርስትና ስሟን ጠየቁ፤ ወለተ ኪዳን አልናቸው። ከዚያ ሌላ ምንም አልፈለጉም። ማን ወለዳት፣ መቼ ተወለደች፣ የት ነው ያመማት የሚል ነገር የለም። መስቀሉን ራሷ ላይ አድርገው በስሟ ጸለዩላት፣ ጠበሉን ረጯት፣ በቃ። ኢሊሊ በብርድ እየተንቀጠቀጠች ስትስቅ እሙ አለቀሰች።

ሦስተኛው መሪጌታ ሀብተማርያም ናቸው። ሰፈሩ የኔታ ይላቸዋል። በወጣትነታቸው ዜማና ቅኔ ተምረው ከጎጃም የመጡ ሰው ናቸው፤ እሁድ ማኅሌቱ ላይ መቋሚያ ይዘው ሲያሸበሽቡ ላያቸው መልአክ ይመስላሉ። ሰኞ ግን እቤታቸው ክታብ ይጽፋሉ። ካህናቱ ይህን ያውቃሉ፣ ሲጠየቁ ግን አያውቁም። የኔታ እሙን ልጅቷን አጠገባቸው አስቀምጣ እንድትነግራቸው ጠየቋት፦ የልጅቷ የክርስትና ስም፣ የተወለደችበት ቀን፣ የእናትየው የክርስትና ስም። እሙ ሦስተኛው ላይ ምራቋን ዋጥ አድርጋ የራሷን ስም፣ ወለተ ማርያም ብላ ሰጠቻቸው። የኔታ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥሩን አወጡለት፣ በስልካቸው ካልኩሌተር ደመሩት፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት እየቀነሱ ገደፉት፣ የቀረው ኮከቧ ሆነ። ከሳምንት በኋላ በቀይ ቆዳ የተሰፋ ክታብ ሰጡን።

አሁን ችግሩ ጠበልና ክታብ አንድ ላይ አይሄዱም። ጠበሉ በር ላይ ክታብ ያሰራችሁ አውልቁ እየተባለ ይለፈፋል፤ አንገቷ ባዶ ካልሆነ የምትገባ የለችም። ታዲያ ሴቶቹ ሁሉ ክታባቸውን እያወለቁ ቦርሳቸው ውስጥ ያስገባሉ፣ ይጠመቃሉ፣ ሲወጡ መልሰው ያስሩታል። እሙም የኢሊሊን አውልቃ ለእኔ ሰጠችኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ከማበጠሪያና ከቢጎዲን ጋር ተኛ። እኔ ደግሞ እዚያ ቆሜ ክታቡ ቦርሳ ውስጥ ሆኖም ይሠራ ይሆን ወይስ እስክንመለስ ይጠብቃል እያልኩ አስብ ነበር። ዘበኛው ለምን ትስቂያለሽ ብሎ ገሠጸኝ።

ጥር ላይ ኢሊሊ የመግቢያ ደወል ሲደወል ወደ ሰልፍ ስትሮጥ ወደቀች። በዚህኛው ጊዜ ቶሎ አልነቃችም። መምህሯ ደወለችልን። እሙ ከሰል መስላ ወደ የኔታ ልትሄድ ተነሳች፤ ሐኪም ቤት ይሻላል ብዬ ብጨቀጭቃትም ክታቡ ለምን እንዳልሠራ ሳልጠይቅ አላርፍም አለች። ነቅታ የጠበቀችንን ኢሊሊን ከትምህርት ቤት ይዘን ሦስታችንም ሄድን።

የኔታ እንደገና አሰሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አሰሉ። ከዚያ እሙን ትክ ብለው አዩአት።

«ስሌቱ አልተሳሳተም» አሉ። «የተሳሳተው ስሙ ነው። የነገርሽኝ የእናትየው ስም አይደለም።»

እሙ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች የገዛ ስሜ ነው፣ ራሴን አላውቅም እንዴ የኔታ አለች። ኢሊሊ ነገሩ አሳቃት። እማ እኮ ስሟን አትረሳም፣ የሰው ልደት እንኳን አትረሳም አለቻቸው። የኔታ ግን አልሳቁም። ደግመው የእናትየው ስም ማን ነው አሉ። እሙ ወደ እኔ ስታይ ዓይኖቿ ውስጥ ፍርሃት አየሁ፤ ልጅቷን በዚህ ቅጽበት ላጣት ነው የሚል ፍርሃት።

ነገር ማስቀየር አለብኝ። እኔ ደግሞ ነገር የማስቀይረው በጥያቄ ነው፤ ያውም ከልቤ ማወቅ የምፈልገውን።

«የኔታ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት» አልኳቸው። «እሁድ ማኅሌት ላይ እግዚአብሔርን ይለምናሉ። ሰኞ ይህን ይጽፋሉ። እዚያም የተቀደሰ ስም ይጠራሉ፣ እዚህም የተቀደሰ ስም ይጠራሉ። ልዩነቱ ምንድን ነው?»

እንደሚቆጡ ጠብቄ ነበር። ሰውዬው ግን ፊታቸው ፈካ፤ ለካ ይህን የሚጠይቃቸው ሰው ካጡ ቆይተዋል። ትራሳቸውን አመቻችተው ተቀመጡ።

«ጸሎት ልመና ነው፣ ልጄ። ልመና እሺም አለው፣ እምቢም አለው። ዕድሜ ልክሽን ለምነሽ እምቢ ብትባዪ ጸሎትሽ ተሳሳተ አይባልም፤ የተለመነው ጌታ ነው፣ እንደ ወደደ ያደርጋል። ይሄኛው ቁልፍ ነው። ቁልፍ በሩን ካልከፈተ በሩ እምቢ አለ አይባልም። ወይ አሠራሩ ጠሟል፣ ወይ ልኩን የሰጠው ሰው ዋሽቷል።»

«እግዚአብሔርማ እምቢ ይላል። እምቢ ማለት የማይችለው ማን ነው ታዲያ? በሩ ላይ ያለው?»

የኔታ መልሱን እንደሚያውቁትና እንዳልወደዱት ፊታቸው ላይ አየሁ። «አንቺ ቅኔ ቤት ብትገቢ መምህሩን ታስለቅሺ ነበር» ብለው ሳቁና ስሙን አጣርታችሁ ተመለሱ ብለው ሸኙን።

መንገድ ላይ እሙ እጄን ያዘችኝ። ኢሊሊ ከፊት ከፊት እየሄደች ስለነበር ዝቅ ባለ ድምፅ ሰውዬው በምን አወቀ አለችኝ። በኮከቧ ነው ያወቀው ብላ ልታብድ ነው። እኔ ግን ነገር ሳላጣራ የማምን ሴት አይደለሁም። ማታውኑ ከፀጉር ቤቴ ጎን ሱቅ ወዳላት ወደ ነኢማ ሄድኩ፤ እሷም ሱቋ ሰው እምቢ ባለው ጊዜ የኔታ ዘንድ ሄዳ እንደነበር አውቃለሁ። ምን አሉሽ ስላት ነኢማ እየሳቀች ነገረችኝ። አልሠራም ብላ ብትመለስ የእናትሽ ስም ስህተት ነው አሏት። እናቷ ሐጃ ግን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት፣ ነኢማም በገዛ እጇ አጥባ የገነዘቻት ናት። የኔታ ይህን ለእሷ ብቻ ሳይሆን ላልሠራለት ሁሉ እንደሚሉ ነገረችኝ።

ለእሙ ይህን ስነግራት ትንፋሿ ተመለሰ። እንዲያውም ሳቀች፣ ምን ዓይነት አጭበርባሪ ናቸው አለች። እኔ ግን አጭበርባሪ አላልኳቸውም። ሰውዬው የሚሠሩት ሥራ እምቢ አይባልም ብለው ስለሚያምኑ ሲከሽፍ ጥፋቱን የሚጥሉበት ቦታ ያስፈልጋቸዋል። ዘጠና ዘጠኙን ያለ ጥፋቱ ውሸታም ይሉታል፤ እኛ ጋ ሲመጡ እውነት ሆኖ ገጠማቸው።

በማግሥቱ የአንዲት ሙሽራ ፀጉር እያጠብኩ የየኔታ ቁልፍ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ልኩን የሰጠው ሰው ዋሽቷል። ዮዲ ስለ እናትየው አልጠየቀችም። ቀሲስ አልጠየቁም። የጠየቁት የኔታ ናቸው፣ ደግሞም… እጄ ባኞው ውስጥ ቆመ። ደግሞም ዶክተሩ። እሱም ጠይቆ ነበር፣ እሱም የእኛን እናት፣ የእኛን አያት ነው የተነገረው። በተሳሳተ ልክ ቁልፍ ያሠራነው ለየኔታ ብቻ አይደለም።

ከዚያ ጉዲቱ ትዝ አለችኝ። ምች ነው፣ ቡዳ ነው ሲባል ማን ምን ስታደርግ ወደቀች ብሎ ጠየቀ? እኔ ጠይቄ ነበር፤ አብራት የነበረች ልጅ ነግራኛለች። ሊሄድ የተነሳ ታክሲ ልትይዝ ስትሮጥ ነው የወደቀችው። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ኢሊሊ ደግሞ ተቀምጣ ወድቃ አታውቅም፤ ስትሮጥ ነው፣ ሁልጊዜ ስትሮጥ። ሙሽራዋ ውሃው ቀዘቀዘብኝ ስትለኝ ነው ወደ ራሴ የተመለስኩት። ፎጣ ጠቀለልኩላትና ለረዳቴ አስረክቤያት ሮጥኩ።

እሙን ያገኘኋት ልብስ ስታሰጣ ነው። ያሰብኩትን ነገርኳት። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። የያዘችውን አንሶላ ደጋግማ እያራገፈች ቆየችና እንዲህ አለችኝ፦

«ካህኑ ሲያጠምቋት በማን እጅ ላይ ነበረች? በእኔ። እሷን ወክዬ ሰይጣንን የካድኩት እኔ ነኝ። ያ ሁሉ ጸሎት እናት ካላደረገኝ ክርስትና ማንሳት ምንድን ነው? የኔታም ዶክተሩም ደም ይጠይቃሉ። እግዚአብሔር አልጠየቀኝም፣ መሲ። እሱ በሰጠኝ ነው የቆምኩት።»

እህቴ ትምህርቷ ስምንተኛ ክፍል ነው፣ ግን የተናገረችው ነገር እንቅልፍ ይነሳል። ያልኳት ይህን ብቻ ነው፦ እግዚአብሔር ሳትነግሪውም ያውቃል። ዶክተሩ ግን የሚያውቀው የነገርሽውን ነው።

እሙ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ቀን ቀሲስ ኃይለ መስቀል ዘንድ ሄዳ መመለሷን ነገረችኝ። ቀሲስ እናትነቷን አልካዱም፤ እናቷ ነሽ አሏት፣ እናት ከሆንሽ ደግሞ ልጅሽን ከፍርሃትሽ አስቀድሚ አሏት። ሄደሽ ንገሪ ብለው መስቀል አሳለሟት።

ሐሳባችን ኢሊሊን ኮሪደር ላይ ከእኔ ጋር አስቀምጣ እሙ ብቻዋን ገብታ ለዶክተር ኤባ ልትነግረው ነበር። ተራችን ሲደርስ እሙ ተነሳች፣ በሩ ድረስ ሄደች፣ እጀታውን ይዛ ቆመች። ከዚያ ዞር አለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ትግባ» አለችኝ። «ደግሞ ሌላ ውሸት ልጀምር?»

ገባን። ዶክተሩ ፋይሉን ገልጦ እንዴት ናችሁ ከማለቱ እሙ እንዳትመለስ የፈራች ይመስል ቶሎ ቶሎ ተናገረች። ባለፈው የነገረችው ቤተሰብ የኢሊሊ ቤተሰብ እንዳልሆነ፣ የወለደቻት ጉዲቱ እንደምትባል፣ በሃያ ሦስት ዓመቷ ስትሮጥ ወድቃ እንደሞተች። እኔ ኢሊሊን ነበር የማየው። ልጅቷ አፏን ከፍታ እሙን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ሁለታችንንም ትታ ወደ ዶክተሩ ዞረች።

«እኔም እንደሷ ልሞት ነው?»

ዶክተር ኤባ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። በቤተሰብ የሚወረስ የልብ ሕመም እንዳለ፣ ሲሮጡ የልብን ምት የሚያዛባ፣ ከታወቀ መድኃኒት እንዳለው ነገራት። አደጋው አለመታወቁ ነው፣ አሁን ግን የት እንደምንፈልገው አውቀናል፣ ዛሬውኑ ልብሽን እናያለን አላት። እስኪታወቅ ድረስ እንዳትሮጥ አስጠነቀቃት። ባለፈው ለምን አልነገራችሁኝም ብሎ አልተቆጣም፤ ቢቆጣን ይሻል ነበር።

ለልብ ምርመራው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ጠብቁ ተባልን። ኢሊሊ ቀድማን ሄዳ ግድግዳው ጥግ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እሙ አጠገቧ ለመቀመጥ አልደፈረችም፤ በመካከላቸው አንድ ወንበር ባዶ ተወች። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ሕይወቴን ሙሉ ስጠይቅ የኖርኩ ሴት በዚያች ሰዓት አንድም ጥያቄ ከአፌ አልወጣም። የኔታ ስሙን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ለካ የጉዲቱን የክርስትና ስም ማናችንም አናውቀውም።

ኢሊሊ እሙን ሳታይ፣ ወለሉን እያየች፣ መልኳ ምን ይመስል ነበር አለች። እሙ «ጥርሷ ፍንጭት ነበር፣ ሳቋ ከግቢው ውጭ ይሰማ ነበር፣ ስትስቅ እንዳንቺ ዓይኗ ይጠፋ ነበር» አለቻት። ብዙ ቆየን። እሙ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች እንደነበር አየሁ፤ ስትለምን ነው። እሺም እምቢም የሚባልበትን ልመና።

በሩ ተከፈተና ነርሷ ብቅ አለች። ኢሊሊን ጠራች፣ ከዚያ ወደ እኛ እያየች እናት አብራ ትግባ አለች።

ኢሊሊ ተነሳች። እሙ አልተነሳችም። የነጠላዋን ጫፍ በሁለት እጇ ጨብጣ ወንበሩ ላይ ቀረች፣ ዓይኗን እንኳን ቀና አላደረገችም። ነርሷ ግራ ገብቷት አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየች። ኢሊሊ በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለች፤ ፊቷ ላይ አሁንም ቁጣው አለ፣ ዓይኗም እንባ አቅርሯል።

«እማ፣ ማን እንዲገባልኝ ነው የምትጠብቂው?» አለች።

እሙ ተነስታ ተከተለቻት።